በጅምላ ያጠፋኋቸው መጻሕፍት

ፍኖተ ሰላም በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካታሎግ እሠራለሁ። መጽሐፍ ሲገባ ርእሱን፣ ደራሲውንና የሚቀመጥበትን መደርደሪያ በኮምፒውተር መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ፤ አንባቢ ሲመጣ ከዚያ መዝገብ ላይ ፈልጎ ያገኘዋል። ሥራዬ ይኸው ነው። ዱርቤቴ ያለችው እናቴ ለጎረቤት ስታወራ «ልጄ መጽሐፍ ትጽፋለች» ትላለች። ደጋግሜ አርሜያት አልሆነም፤ አሁን ትቼዋለሁ።

ለዚህ ሁሉ ነገር መነሻ የሆነችው አንዲት አዋላጅ ነርስ ናት። ከሰከላ በኩል፣ ከአንድ ገጠር ጤና ጣቢያ ነበር የመጣችው፤ ጫማዋ ላይ የደረቀ ጭቃ ነበረበት። ስለ አስቸጋሪ ምጥ የሚያስረዳ መጽሐፍ ስትፈልግ በስልኳ የእኛን ካታሎግ አይታ፣ አምስት ስድስት አግኝታ፣ ተራዋን ከባልደረባዋ ጋር ተቀያይራ ነው የተነሣችው። ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኳት። የመጀመሪያውን ስትነካው ባዶ ነጭ ገጽ መጣ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው።

«እህቴ፣ አለ ይላል እኮ» አለችኝ።

ነገሩን ማስረዳት ነበረብኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ፕሮጀክት ኮሌጁ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢ-መጻሕፍትን በኢንተርኔት እንዲያነብ ፈቃድ ሰጥቶት ነበር። የመጻሕፍቱ ስም ዝርዝር በአንድ ቀን ወደ ካታሎጋችን ገባ። መጻሕፍቱ ግን መቼም የእኛ አልነበሩም፤ ሩቅ አገር ባለ ኮምፒውተር ላይ ነው ያሉት። ፈቃዱ ሲያበቃ በሩ ተዘጋ፣ ስማቸው ብቻ እኛ ጋ ቀረ። የእኛ ተማሪዎች ስለለመዱት አያዩአቸውም፤ እንዲያውም «ሙታን» ይሏቸዋል። ከሰከላ የመጣች ሴት ግን ይህን በምን ታውቃለች?

«ታዲያ ከሌለ የለም በሉ እንጂ» አለች። አልጮኸችም። ደክሟት ነበር።

ከመደርደሪያ አንድ አሮጌ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የማዋለድ መጽሐፍ ፈልጌ ሰጠኋት። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ የሚያስፈልጓትን ገጾች አንድ በአንድ በስልኳ እያነሣች ቆየች። ስትወጣ አመሰገነችኝ። ምስጋናዋ ከቁጣ የባሰ ከበደኝ።

በማግሥቱ ወደ ኃላፊው ገባሁ። ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሥራ ወዳድ ሰው ነው። «እነዚያን ኢ-መጻሕፍት ከካታሎግ እናጥፋቸው» አልኩት።

«ሪፖርታችን ላይ ያለው የመጽሐፍ ብዛት እኮ በአንዴ ሊወርድ ነው» አለ።

«ብዛቱ ውሸት ነው።»

«እሱማ ነው» አለ፤ እንደ ማፈር ብሎ ሣቀ። «እሺ፣ አጥፊያቸው።»

በሺዎች የሚቆጠሩ መዝገቦችን አንድ በአንድ ማጥፋት ወራት ይፈጃል። ሥርዓቱ በጅምላ የሚያጠፋበት መንገድ አለው፦ «ዓይነታቸው ኢ-መጽሐፍ የሆኑትን ሁሉ አውጣልኝ» ትሉታላችሁ፣ ዝርዝሩን ያወጣል፤ ዝርዝሩን አይታችሁ ስትስማሙ በአንድ ትእዛዝ ይጠርጋቸዋል። እኔም ዝርዝሩን አወጣሁ። የመጀመሪያዎቹን መቶ ያህል አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ሁሉም የእንግሊዝኛ ርእስ፣ ሁሉም ሙት። ሁለተኛውን መቶ ስጀምር መብራት ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሲመጣ ኔትወርኩ እየበራ ይጠፋል። ተመልሶ ሳይሄድብኝ ልጨርስ ብዬ የቀረውን ገጽ በገጽ ገረፍ ገረፍ አድርጌ አለፍኩትና ትእዛዙን ሰጠሁ። አረንጓዴው መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ሄዶ ሞላ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ግቢ ጠርጎ የጨረሰ ሰው መጥረጊያውን ተደግፎ እንደሚያየው ዓይነት፣ የተስተካከለውን ካታሎግ ቁጭ ብዬ አየሁት።

ሦስት ሳምንት ያህል እንዳለፈ የኔታ መጡ።

የኔታ በቡሬ ገጠር የሚያስተምሩ የቅኔ መምህር ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ለዓይናቸው ክትትል ፍኖተ ሰላም ሲመጡ ሐኪማቸውን አይተው ወደ እኛ ጎራ ይላሉ። በመስኮቱ በኩል ያለው ኮምፒውተር ፊት አስቀምጣቸውና የሞቱት መምህራቸው በእጅ የጻፉትን የቅኔ ደብተር እከፍትላቸዋለሁ፤ ገጹ ፎቶ ተነሥቶ የገባ ስለሆነ ፊደሉን የአውራ ጣት ያህል ማሳደግ ይቻላል። ይህን ያስጀመሯቸው ከእኔ በፊት ካታሎጉን ይሠሩ የነበሩት፣ አሁን ጡረታ የወጡት ሰው ናቸው። እኔ ከእሳቸው የወረስኩት የመምህሩን ስም ጽፎ መክፈቱን ብቻ ነበር።

የዚያን ዕለትም ስሙን ጻፍኩ። የለም። በ«ሠ» ነው በ«ሰ» ብዬ ቀያየርኩ። «ዐ»ውን «አ» አደረግኩ። የለም። ገረፍ ገረፍ አድርጌ ባለፍኩት ዝርዝር መካከል፣ ከዚያ ሁሉ የእንግሊዝኛ ርእስ ውስጥ፣ በአማርኛ የተጻፉ መስመሮች ዓይኔን ነክተው ማለፋቸው አሁን ትዝ አለኝ።

«ዛሬ አስቸገረሽ?» አሉኝ የኔታ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ።

«አዎ፣ የኔታ። ኔትወርክ ነው» አልኩ።

«ይሁና። በሌላ ቀን እመጣለሁ» ብለው ዘንጋቸውን አንሥተው ደረጃውን ቀስ እያሉ ወረዱ። እኔ ተነሥቼ እንኳ አልሸኘኋቸውም።

የኮምፒውተር ባለሙያችን ጋ ሮጥኩ። መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ ነበረበት፤ ይዟልም። ቅጂው ያለበት ዲስክ ግን አልከፍት አለ። ሁለት ቀን ታገለው። በመጨረሻ ግን አንድ ነገር አገኘ፦ ያጠፋሁት መዝገቡን እንጂ ፎቶዎቹን አልነበረም። ፎቶዎቹ ሰርቨሩ ላይ በአንድ ፎልደር ውስጥ አሉ፤ አርባ ያህል ደብተር፣ ስማቸው ግን ቁጥር ብቻ። የቅኔ አለ፣ የድጓ ማስታወሻ አለ፣ የመድኃኒት የሚመስል አለ። የማን ነው? ማን ጻፈው? ከየትኛው ደብር መጣ? ይህን ሁሉ የያዘው እኔ ያጠፋሁት መዝገብ ነበር። ከሁሉም መካከል ያወቅኩት የየኔታን መምህር ደብተር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ ጥግ ላይ የጧፍ ሰም ፈሶበታል።

ለኃላፊው ተናገርኩ። ሰማኝና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ደብዳቤውን እየሰጠኝ «አሁን ምን ይደረግ?» ሲል ጠየቀኝ፤ እውነቱን ለመናገር ከደብዳቤው ይልቅ ጥያቄው ነው ወደ ሥራ የመለሰኝ። ቡሬ ለሚኖሩት ለቀድሞው ካታሎገር ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ልመጣ ነው።»

«ምነዋ? ምን ሆንሽ?»

«እዚያው እነግርዎታለሁ።»

«እንግዲያው አፍንጫሽን የምትሸፍኚበት ነጠላ ያዢ፤ በርበሬ አስጥቻለሁ።»

በሚኒባስ ማንኩሳን አልፌ ቡሬ ስደርስ ግቢያቸው ከአጥር እስከ ደጃፍ በቀይ በርበሬ ተሸፍኗል። ጋሼ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ፎጣ አፋቸው ላይ አስረው፣ የነጣውን ከቀላው ይለያሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ እኔም መልቀም ጀመርኩ። እያስነጠስኩ፣ ዓይኔ እያነባ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዕንባዬ የበርበሬው ይሁን የሌላ፣ እሳቸውም አልጠየቁኝ።

ስጨርስ «ከማጥፋትሽ በፊት ስንቱን አየሽ?» አሉ።

«መቶ ያህሉን።»

«የቀረውንስ?»

«ሁሉም አንድ ዓይነት መሰለኝ።»

ፎጣውን ከአፋቸው ፈቱት። «እንግዲህ የአንቺን ሰማሁ፤ የእኔን ደግሞ ስሚ። ኢ-መጽሐፍ ብዬ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ያኔ የነበሩት ኃላፊ የገጠር ደብተር ካታሎግ ውስጥ አይገባም፣ ማን ያነበዋል አሉኝ። እኔ ደግሞ በየደብሩ ዞሬ፣ ለምኜ፣ ሣጥን አስከፍቼ ነው ፎቶ ያነሣኋቸው። ስለዚህ ማንም በማያያቸው በነዚያ በእንግሊዝኞቹ መካከል ሸሸግኳቸው።»

«ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?» ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ፤ አፈርኩ።

«የስንብቴ ቀን ልነግርሽ ነበር። ንግግሩ በዛ፣ ፎቶው በዛ፣ ረሳሁት። ቆይቶ ትዝ ሲለኝ ደግሞ፣ ተደብቆ የተሠራ ነገርን እንዴት ብዬ በስልክ ልንገራት ብዬ ተውኩት።» ከበርበሬው አንድ አንሥተው አገላበጡትና ወደ ነጣው አደረጉት። «ዝርዝሩን የጻፍኩበት ወረቀትም የኮሌጁ ዕቃ ነው ብዬ መሳቢያው ውስጥ ትቼው ነው የወጣሁ።»

መሳቢያውን አውቀዋለሁ። ቢሮው ሲታደስ ወረቀቱ ሁሉ ወጥቶ ተቃጥሏል። ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

«ከራሴ የማስታውሰው ጥቂቱን ነው» አሉ። «አብዛኛውን ደብተር ግን የተዋስኩት በየኔታ አማካይነት ነው። አንዱን መስመር ቢሰሙ የማን እንደሆነ ያውቃሉ። በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ፎቶዎቹን በላፕቶፕ ይዘሽ ነይና ከቅዳሴ በኋላ እንሂድ።»

እስከ እሁድ ድረስ የከበደኝ ደብተሮቹ አልነበሩም። ለአንድ ዓይነ ደካማ ሽማግሌ የተናገርኩት ቀላል ውሸት ነው የከበደኝ።

እሁድ ከቡሬ በባጃጅ ጥቂት ሄደን የቀረውን በእግር ተጓዝን። የጤፍ አጨዳ አልቆ ክምር በየማሳው ቆሟል። የኔታ ከቤታቸው ደጅ፣ ወይራው ሥር ካለው የጭቃ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጉልበታቸውን ስሜ ቆምኩ።

«የኔታ፣ ባለፈው ኔትወርክ ነው ያልኩዎት ውሸት ነበር።»

«አውቄያለሁ፣ ልጄ» አሉ። «ኔትወርክ ሲጠፋ ትበሳጫለሽ እንጂ አትደነግጪም። የዚያን ቀን ትንፋሽሽ ተቆርጦ ነበር። ተቀመጪ።»

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ጋሼ የእያንዳንዱን ደብተር የመጀመሪያ መስመሮች ጮክ ብለው ያነባሉ፣ የኔታ ያዳምጣሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። «ይህ የወንዝ ማዶው መምህር ነው፤ ጽሕፈቱ ግን የደቀ መዝሙሩ ይሆናል» ይላሉ። «ይህ ዜማ ነው፤ ከቆጋ በኩል የመጣ ካህን ትቶት የሄደው።» አንዳንዴ የባለቤቱን ስም ከመናገራቸው በፊት የጋሼን የግእዝ አነባበብ ያርማሉ፦ «ወዳቂ ነው፣ ድምፅህን ጣለው፤ ምን ያነሣህ?» ጋሼም በዚያ ዕድሜያቸው እንደ ተማሪ ጎንበስ ብለው እንደገና ያነባሉ። ባትሪው ሲያልቅ ቀኑ አበቃ። በሚቀጥለው እሁድ ተመለስን።

እስከዚያ ድረስ ያላወቅኩት ነገር ነበር። እኔ መዝገብ ስሞላ ደራሲ ማለት ለእኔ አንድ ክፍት ቦታ ነው፤ ይሞላል፣ ይታለፋል። የኔታ ግን ስም በጠሩ ቁጥር ሰውየው በግቢው በኩል እንዳለፈ ሁሉ ቀና ይላሉ። «ይኸ ሰው ቁርጥማት ነበረበት፤ ብዕር የሚይዘው በሁለት እጁ ነው፤ ለዚያ ነው ፊደሉ የሚንጋደደው» አሉኝ ስለ አንዱ። እኔ ያን ፊደል ሳየው ቸልተኛ ጸሐፊ መስሎኝ ነበር።

በሁለተኛው እሁድ ወደ ማብቂያው ላይ ጋሼ ከአንድ ቀጭን ደብተር መካከል ያለ አንድ ቅኔ አነበቡ። የኔታ ወደ ጋሼ ጠጋ አሉ።

«ድገመው» አሉ።

ጋሼ ደገሙት። የኔታ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ያ የእኔ ነው» አሉ።

ቅኔው በግእዝ ነው፤ ጋሼ ፈቱልኝ። ሰሙ አንገቱ ላይ ያማረ ቃጭል ስለታሰረለት በሬ ይናገራል፦ ድምፁ ማሳውን ሁሉ ይሞላል፣ ሰዉም ሥራውን ትቶ ያዳምጠዋል፤ ምሽት ላይ ሲታይ ግን አንድም ፈር አልወጣም። ወርቁ ሰው ነው። የኔታ በተማሪነታቸው ዘመን አብሯቸው የሚማር፣ ድምፀ መልካም፣ መምህሩ የሚወዱት ወጣት ነበር። የኔታ ይህን ቅኔ በጉባኤው ፊት አሰሙበት። ተማሪው ሁሉ ሣቀ፤ መምህሩም ሳይቀሩ ፈገግ አሉ። ወጣቱ በዚያው ሳምንት አኮፋዳውን አንሥቶ ትምህርቱን ጥሎ ሄደ።

«ከዚያ ተራራ ወዲያ ገበሬ ሆነ» አሉ የኔታ በዘንጋቸው እያመለከቱ። «ገበያ እንገናኛለን፤ ሰላምታ አንለዋወጥም። እሱ ዞር ይላል፤ እኔም እሱ ዞር እስኪል እጠብቃለሁ። ሲሞት ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ። ይህን ማን እንደገለበጠው አላውቅም። አጥፊልኝ፣ ልጄ።»

«የኔታ፣ ቅኔው እኮ ግሩም ነው!» አሉ ጋሼ ከልባቸው።

«ግሩም ስለሆነማ ነው ሰውየውን ያስወጣው።»

በሺዎች የሚቆጠር መዝገብ ዓይኔን ሳላሽ የጠረግኩ ሰው ለዚህች አንዲት ቅኔ እሺም እንቢም ማለት አቃተኝ። «አንድ ሳምንት ይስጡኝ» አልኩ። በሳምንቱ ውስጥ ለኃላፊው ነገርኩት፤ «ባለቤቱ ራሱ ካለ ምን ምርጫ አለን?» አለ። ልክ ነው። ግን በየሌሊቱ ሳይሆን በየሥራው መካከል፣ መጽሐፍ ስደረድር፣ ምሳዬን ስበላ፣ ነገሩ ይመላለስብኛል። ብታጠፊው ያ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ነው የሚወጣው፤ መባረሩን የሚያውቅ አይኖርም። ብትተዪው ደግሞ ተማሪ ሁሉ እያነበበ ይሥቅበታል። የትኛው ይሻላል?

በዚህ መካከል የመዝገቡን ሥራ ጨረስኩ። ኃላፊው ለደብተሮቹ የራሳቸው የሆነ ክፍል እንዲከፈት ፈቀደ፤ ከእንግዲህ ከማንም ጋር አይደባለቁም። አራቱን ደብተሮች የኔታም ጋሼም ሊያውቋቸው አልቻሉም። በስም ቦታው ላይ «ባለቤቱ ያልታወቀ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በፊት ታውቆ ነበር፤ ያሳጣሁት እኔ ነኝ። ይህን የሚጽፉበት ቦታ መዝገቡ ላይ የለም።

የኔታ በሐኪም ቀጠሯቸው ቀን መጡ። በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኳቸው። «መጀመሪያ ልየው» አሉ። ገጹን አሳደግኩላቸው። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ እስከ መጨረሻው አነበቡት። ሲጨርሱ ወደ ኋላ ቀና አሉ።

«አሁን» አሉ።

የዚያን ገጽ ማጥፊያ ምልክት ነካሁ። ጥያቄ መጣ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦ «‹እርግጠኛ ነዎት?› ይላል።»

«ማንን ነው የሚጠይቅ? አንቺን ነው እኔን?»

«ዛሬስ እርስዎን ነው።»

ታች ግቢው ውስጥ ተማሪዎች ለአንድ ነገር ሲንጫጩ ይሰማል። የኔታ ዘንጋቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩት።

«አይደለሁም» አሉ በመጨረሻ። «በይ ተዪው። ከቅኔው ሥር የሚጻፍበት ቦታ አለው?»

አለው። ማስታወሻ የሚባል ቦታ አለ፤ እኛ የምንጽፍበት «ገጹ የተቀደደ» ወይም «ሽፋን የለውም» ብለን ነው። ከፈትኩላቸው።

«እንግዲህ እንደምልሽ ጻፊ» አሉና ቀስ እያሉ ያስጽፉኝ ጀመር። «ይህን ቅኔ በወጣትነቴ የተቀኘሁት አብሮኝ የሚማረውን ለማሳፈር ነው። ቀንቼበት ነበር። በሬው ያላረሰ አይደለም። ልጆቹን አሳድጎ፣ ደግ ገበሬ ሆኖ ኖሮ ሞተ። ድምፁ ያማረ ነበር፤ የራሱም ቅኔ ደህና ነበር።»

ስጨርስ «አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«‹ደህና ነበር› የሚለውን ሰርዢው» አሉ። «ቆጥቤበታለሁ። ‹የራሱም ቅኔ ከእኔ ይሻል ነበር› በዪ።»

ሰረዝኩና እንዳሉኝ ጻፍኩ።